ማስታወቂያው የማን ነው? ነፃ የስልክ ጌም ሲያበሽቅ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማችኋል። ሰልፉ አይላወስም። ስልክ ታወጡና ጌም ትከፍታላችሁ። አንድ ዙር ሳትጨርሱ ማስታወቂያ ይመጣል። ሠላሳ ሰከንድ ትጠብቃላችሁ፣ ጥግ ላይ ኤክስ ብቅ ስትል ትነካላችሁ፣ እሷ ግን ኤክስ አልነበረችም፣ ፕሌይ ስቶር ተከፈተ። ትመለሳላችሁ። ሌላ ማስታወቂያ። ይሄኔ ከኋላ ያሉት እናት "ልጄ፣ ሰልፉ እኮ ሄደ" ይሏችኋል።

እኔ ስልክ ጠጋኝ አይደለሁም። ግን ዘመድም ጎረቤትም ስልኩ ያበደ ሲመስለው ወደ እኔ ነው የሚያመጣው። አራት ኪሎ አንድ ማኪያቶ ይጋብዙኝና ስልኩን ያስረክቡኛል። ሁሉም የሚለው አንድ ነው፦ "ማስታወቂያ በዛብኝ"። ምንጩ ግን አንድ አይደለም። አንዳንዴ ጌሙ ነው። አንዳንዴ ጌሙ ንፁህ ነው፣ ጥፋተኛው ሌላ አፕ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ጣጣው የመጣው ስልኩን ከሸጠላችሁ ልጅ ነው። ስለዚህ ጌም ከማጥፋታችሁም፣ ብር ከማውጣታችሁም በፊት መጀመሪያ ምንጩን ለዩ።

«ጌሙን ዘግቼዋለሁ፣ ማስታወቂያው ግን ይመጣል»

ከዚህ የምጀምረው ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። ቻርጀር ስትሰኩ ማስታወቂያ። ስልኩን ከመቆለፊያው ስታወጡት ማስታወቂያ። ደውላችሁ ስትጨርሱም ማስታወቂያ። ሰውየው ተናዶ የሚወደውን ጌም ያጠፋል፣ ማስታወቂያው ይቀጥላል፣ ሌላውንም ያጠፋል፣ አሁንም ይቀጥላል።

ጌም ማስታወቂያ የሚያሳየው ተከፍቶ ሳለ ነው። የፕሌይ ስቶር ደንብም አፕ ከራሱ ውጪ ማስታወቂያ እንዳያሳይ ይከለክላል። ስለዚህ ምንም ሳትከፍቱ ማስታወቂያ ከመጣ ከጌሙ ይልቅ ሌሎቹን ጠርጥሩ፦ የባትሪ መብራት አፕ፣ "ስልክ አፅጂ" የሚባለው፣ ዎልፔፐር፣ ከቴሌግራም በፋይል የወረደ ነገር። እኔ ያጋጠመኝ አብዛኛው "አፅጂ" ነው። ስልክ ሊያፀዳ ገብቶ ራሱ ቆሻሻ ይሆናል።

መፍትሄው፦ ማስታወቂያው ስክሪኑ ላይ እያለ አትዝጉት። በቅርብ የተከፈቱ አፖችን የሚያሳየውን ቁልፍ ተጫኑ። የማስታወቂያው ካርድ ላይ የአፑ ስም ወይም ምልክት ይታያል፣ እሱን አጥፉት። ስምም ምልክትም የሌለው ባዶ ካርድ ካያችሁ አፑ ሆን ብሎ ተደብቋል ማለት ነው። ያን ጊዜ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ "ዲስፕሌይ ኦቨር አዘር አፕስ" የሚለውን ፈልጉ፣ በሌሎች አፖች ላይ የመውጣት ፈቃድ ያላቸው እነማን እንደሆኑ ይዘረዝርላችኋል። የባትሪ መብራት እዚያ ዝርዝር ውስጥ ምን ይሠራል?

ካልተገኘ ሴፍ ሞድ አለ። በብዙ ስልኮች ላይ የማጥፊያ ምርጫው ሲመጣ "ፓወር ኦፍ" የሚለውን ጫን አድርጋችሁ ስትይዙት ይጠይቃችኋል። በሴፍ ሞድ ያወረዳችኋቸው አፖች አይሠሩም። ማስታወቂያው እዚያ ከጠፋ ምንጩ ካወረዳችኋቸው አንዱ ነው፣ ከቅርቡ ጀምራችሁ አንድ በአንድ እያጠፋችሁ ሞክሩ። በሴፍ ሞድም ከመጣ ከስልኩ ጋር አብሮ የተጫነ ነገር ነው። አንዳንድ ርካሽ ስልኮች ላይ ይሄ አለ፣ የሚያስቸግረውን አፕ ኖቲፊኬሽን መዝጋት ወይም "ዲስኤብል" ማድረግ ብዙውን ጊዜ ይበቃል።

«በየዙሩ መሃል ይመጣል»

ይሄ የጌሙ ነው፣ አያከራክርም። ጌሙ ነፃ ነው፣ የሠራው ሰው ግን መብላት አለበት። ገቢው ወይ ከማስታወቂያ ነው ወይ እናንተ ከምትገዙት አልማዝና ሳንቲም። ብዙ ጌሞች ተጫዋቹን ለይተው ነው የሚይዙት። ምንም ገዝቶ የማያውቅ ማስታወቂያው ይበዛበታል። እዚህ አገር ዶላር የሚከፍል ካርድ ያለው ስንት ሰው ነው? እንግዲህ አብዛኞቻችን በየትኛው ወገን እንደተመደብን ገምቱ።

ግን ሁለቱን የማስታወቂያ ዓይነቶች ለዩልኝ። አንደኛው ራሳችሁ "ቪዲዮ አይቼ ሽልማት ልውሰድ" ብላችሁ የምትጫኑት ነው። እሱ ስምምነት ነው። ሁለተኛው ሳትጠሩት የሚመጣው ነው። ይሄኛውን ጉግል ከመስከረም 2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በደንብ አጥሮታል፦ ዙር ሲጀመር ድንገት ስክሪኑን የሚሞላ ማስታወቂያ አይፈቀድም፣ ከ15 ሰከንድ በኋላ የማይዘጋም አይፈቀድም። በፈቃዳችሁ የምታዩት የሽልማት ቪዲዮ ግን በዚህ ደንብ አይገዛም፣ ስለዚህ ለሽልማት ብላችሁ ከፍታችሁ 30 ሰከንድ ቆየ ብላችሁ አትክሰሱ። ሳትጠሩት የመጣው ካልዘጋላችሁ ግን ፕሌይ ስቶር ላይ የጌሙን ገፅ ከፍታችሁ፣ ከላይ ባሉት ሦስት ነጥቦች ገብታችሁ ሪፖርት አድርጉ።

አሁን ወደ መፍትሄው። ቀላሉ ዳታ ማጥፋት ነው። ብቻችሁን የምትጫወቱት ጌም ብዙውን ጊዜ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ከተማው ውስጥ ባቡር ላይ ሆናችሁ ኤርፕሌን ሞድ አድርጋችሁ ተጫወቱ። "ዘግቼም አንድ መጣብኝ" ትሉኛላችሁ። ትክክል ነው፣ ጌሙ ማስታወቂያውን አስቀድሞ አውርዶ ያስቀምጣል። መጀመሪያ ዳታውን አጥፉ፣ ጌሙን ከስልኩ ሴቲንግ "ፎርስ ስቶፕ" አድርጉት (ሙሉ በሙሉ አስቁሙት)፣ ከዚያ ክፈቱት። ቪዲዮ ማስታወቂያ እኮ ሜጋባይትም ይበላል፣ በገዛችሁት ጥቅል ነው የሚያስተዋውቅባችሁ። ይሄን ሳስበው በጣም ያናድደኛል።

እንደ ፐብጂ ያለ ከሰው ጋር የሚጫወቱት ጌም ግን ያለ ኔትወርክ አይሆንም። ሁልጊዜ ኢንተርኔት ለሚፈልግ ጌም ሌላ ዘዴ አለ። ከአንድሮይድ 9 ጀምሮ ሴቲንግ ውስጥ "ፕራይቬት ዲኤንኤስ" የሚባል ነገር አለ። ዲኤንኤስን የኢንተርኔት ስልክ ማውጫ በሉት። ማስታወቂያ የሚያግድ ማውጫ ካስገባችሁ፣ ጌሙ የማስታወቂያ ድርጅቱን አድራሻ ሲጠይቅ "አላውቀውም" ይለዋል፣ በቃ አብዛኛው ማስታወቂያ አይመጣም። አድጋርድ የሚባለው ማስታወቂያ አጋጅ ለዚህ የሚሆን ነፃ አድራሻ አለው፣ ከራሱ ድረ ገፅ ወስዳችሁ እዚያ ሳጥን ውስጥ ታስገቡታላችሁ። ሁለት ነገር ግን እወቁ። የሽልማት ቪዲዮም አብሮ ሊጠፋ ይችላል፣ ያን ጊዜ ሽልማቱም ቀረ ማለት ነው። ካፌ ወይም ሆቴል ገብታችሁ ዋይፋዩ የይለፍ ቃል ገፅ አላመጣ ካለ ደግሞ ምክንያቱ ይሄው ዲኤንኤስ ሊሆን ይችላል፣ ለጊዜው አጥፉት።

ስለ ኤክሷ፦ አንዳንዷ የምስሉ አካል ናት፣ ተስላ ነው። አትቸኩሉ፣ ቆጠራው ያልቅ። ፕሌይ ስቶር ቢከፈትም "ኢንስቶል" ካልነካችሁ የሚጫን ነገር የለም፣ ተመለሱ።

«ማስታወቂያ ማጥፊያውን ገዛሁ፣ አሁንም ይመጣል»

አንድ ጓደኛዬ ይሄ ገጥሞት ሁለት ቀን ሲሳደብ ከረመ። ስልክ ቀየረ፣ ጌሙን አወረደ፣ የከፈለበት ሁሉ የለም። ስልኩን አየሁት። የጉግል አካውንቱ ስም የማናውቀው ሰው ነው! ስልኩን የሸጠለት ልጅ ሱቅ ውስጥ "ልክፈትልህ" ብሎ በራሱ አካውንት ከፍቶ ሰጥቶታል። ይሄ እኛ ጋ የተለመደ ነው፣ ብዙ ሰው ስልኩ ላይ ያለው ኢሜይል የማን እንደሆነ አያውቅም። ግዢ ደግሞ የሚመዘገበው በአካውንቱ ላይ ነው፣ ከስልኩ ጋር አይገናኝም። አካውንቱ የሱቁ ልጅ ከሆነ የገዛችሁት ሁሉ የሱቁ ልጅ ነው።

ፕሌይ ስቶር ከፍታችሁ ከላይ ጥግ ላይ ያለውን ክብ ምልክት ንኩ፣ ኢሜይሉን አንብቡ። የእናንተ ካልሆነ ዛሬውኑ የራሳችሁን ክፈቱ፣ ፎቶና ስልክ ቁጥር ወደሱ አዙሩ፣ ያኛውን አውጡት። በትክክለኛው አካውንት ገብታችሁም ካልሠራ ጌሙ ውስጥ ሴቲንግ ላይ "ሪስቶር ፐርቼዝ" የሚል ፈልጉ። እሱም ካልሆነ የገዛችሁትን ዳግም አንብቡት፣ "ሪሙቭ አድስ" ብዙ ጊዜ የሚያጠፋው ሳትጠሩት የሚመጣውን ብቻ ነው፣ የሽልማት ቪዲዮው ይቀራል።

ባልፈለጋችሁት ግዢ ከፀፀታችሁ ደግሞ በፕሌይ ስቶር ገንዘብ ለማስመለስ 48 ሰዓት አላችሁ። ከዚያ ካለፈ ጌሙን የሠራውን መለመን ነው።

«ልጁ ገዛበት»

የወንድሜ ልጅ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አክስቴ ከአሜሪካ ስትመጣ የድሮ አይፎኗን ሰጠችው። እሷ ተመለሰች። ከወር በኋላ ደወለች። "አንተ፣ ይሄ ልጅ ምን እየገዛ ነው? ከባንኬ 200 ዶላር ወጥቷል።" ማሙሽ የገዛ አይመስለውም። እሱ የነካው አረንጓዴ ቁልፍ ነው፣ የወሰደውም አልማዝ ነው። ጌሞቹ በዶላርና በእናንተ መሃል አልማዝ የሚያስገቡት እኮ ለዚህ ነው፣ አልማዝ ሲወጣ አያምም። ትልቅ ሰውም ይሸወድበታል፣ ልጅ ላይ መፍረድ አይቻልም።

ይሄ የኛ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የአሜሪካው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን 2014 እ.ኤ.አ. ላይ በዚሁ ምክንያት አፕል ቢያንስ 32.5 ሚሊዮን ዶላር፣ ጉግል ቢያንስ 19 ሚሊዮን ዶላር ለወላጆች እንዲመልሱ አድርጓል። 2022 እ.ኤ.አ. ላይ ደግሞ ፎርትናይት የሚባለው ጌም ባለቤት ኤፒክ ጌምስ ተጫዋቾችን አሳስቶ ስላስከፈለ 245 ሚሊዮን ዶላር እንዲመልስ ተስማምቷል።

ለአክስቴ ያልኳት ሦስት ነገር ነው። ገንዘቡን ማስመለስ የምትችለው የአካውንቱ ባለቤት እሷ ስለሆነች አፕል "ሪፖርት ኤ ፕሮብለም" የሚለው ገፅ ላይ ገብታ እንድትጠይቅ። ሁለተኛ፣ የሷ አካውንት ከስልኩ እንዲወጣ። ሦስተኛውን እኔ ሠራሁት፦ ሴቲንግ፣ ስክሪን ታይም፣ ከዚያ የይዘት ገደቦች ውስጥ "ኢን አፕ ፐርቼዝ" የሚለውን መከልከል። አንድሮይድ ላይ ፕሌይ ስቶር ሴቲንግ ውስጥ ለእያንዳንዱ ግዢ ማረጋገጫ እንዲጠይቅ ማድረግ ይቻላል። የጣት አሻራውን ታዲያ የልጁን አታስገቡ። ቀልዴን አይደለም፣ ያስገባ ሰው አውቃለሁ።

ሰብስክሪፕሽን (በየጊዜው በራሱ የሚቆረጥ ክፍያ) ካለ ደግሞ ጌሙን ማጥፋት ክፍያውን አያቆመውም። ፕሌይ ስቶር "ሰብስክሪፕሽንስ" ውስጥ ገብታችሁ መሰረዝ አለባችሁ።

«ሕይወት አለቀ፣ ጠብቅ ወይ ክፈል ይለኛል»

ይሄ ብልሽት አይደለም፣ ሆን ተብሎ ነው የተሠራው። ካንዲ ክራሽ ላይ አምስት ሕይወት አላችሁ፣ አንዱ ሲሞላ 30 ደቂቃ ይፈጃል። የሚሸጥላችሁ ትዕግሥት ማጣታችሁ ነው። ዋጋውን በብር አስቡት። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት 5 ዶላር በባንክ 285 ብር ገደማ ነበር፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ500 አለፈ። ጌሙ ያው ጌም ነው። ሰዓት ወደፊት መግፋት የሚባል ዘዴ አለ፣ አንዳንዱ ላይ ይሠራል፣ ግን ስልኩን ወደ ትክክለኛው ሰዓት ካልመለሳችሁት የባንክ አፕ አልከፍትም ሲላችሁ እንዳትደነግጡ።

«ከቴሌግራም ላይ በርካሽ ገዛሁ፣ ታገድኩ»

ካርድ ስለሌለን በቴሌብር ልከን ዩሲ (የፐብጂ ገንዘብ) ወይም አልማዝ የሚሞላልን ሰው እንፈልጋለን። አልፈርድም፣ ሌላ መንገድ የለም ለብዙው። ግን ዋጋው ከጌሙ ኦፊሴላዊ ዋጋ በጣም ከወረደ ጠርጥሩ። ሻጩ በተሰረቀ ካርድ ገዝቶ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ከሞላላችሁ በኋላ ገንዘቡን አስመልሶ። ያን ጊዜ የሚቀጣው የእናንተ አካውንት ነው። ለመሙላት የሚያስፈልገው የተጫዋች መለያ ቁጥራችሁ ብቻ ነው። የይለፍ ቃል የጠየቀ ሻጭ ሊሞላላችሁ አይደለም የመጣው። ጊፍት ካርድ ከሆነም የየት አገር እንደሆነ ጠይቁ፣ የአንዱ አገር የፕሌይ ካርድ በሌላ አገር አካውንት ላይ አይሠራም።

"ሁሉም ነገር የተከፈተበት" ተብሎ በፋይል የሚዞረው ጌምም ያው ነው። ወይ ያሳግዳችኋል፣ ወይ ከላይ ወዳልኩት ባዶ ካርድ ይመልሳችኋል።

«ያወረድኩት ጌም ማስታወቂያው ላይ ያየሁት አይደለም»

ፒኑን እየሳብክ ንጉሡን ታድናለህ ይላል፣ ስታወርዱት ከረሜላ ማገጣጠም ነው። የእንግሊዝ የማስታወቂያ ተቆጣጣሪ 2020 እ.ኤ.አ. ላይ ሆምስኬፕስና ጋርደንስኬፕስ የሚባሉትን ጌሞች እንዲህ ያሉ ማስታወቂያዎች አግዷል። ከማውረዳችሁ በፊት የተጫዋቾቹን ኮሜንት አንብቡ፣ አምስት ኮከቦቹን ዝለሉና አንድ ኮከብ ከሰጡት ጀምሩ። የጌሙ ስም ሥር "ኮንቴይንስ አድስ" እና "ኢን አፕ ፐርቼዝስ" የሚሉትንም እዩ፣ "አባውት" ውስጥ ከስንት እስከ ስንት እንደሚሸጥ ተጽፏል። ትልቁ ቁጥር 99 ዶላር ካለ ጌሙ ማንን እንደሚጠብቅ ገብቷችኋል።

«ካርድ ሞላሁ፣ ሒሳቤ ግን ያልቃል»

ማስታወቂያ ነክታችሁ ሳታውቁ የአጭር ቁጥር አገልግሎት ውስጥ ገብታችሁ ይሆናል። የሚላክላችሁን መልዕክት ቁጥር እዩ፣ እዚያው ቁጥር ላይ "ስቶፕ" ብላችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል ላኩ። ካላቆመ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ ከሆናችሁ 994 ደውሉና የተመዘገባችሁበትን ሁሉ እንዲያወጡላችሁ ጠይቁ። መስመሩ እስኪነሳ ጌም አትክፈቱ።