ዶርስ ኔክስት ላይ ሊንኩ እምቢ ሲላችሁ

የአይቢኤም ዶርስ ኔክስት (የሪኳየርመንት፣ ማለትም አንድ ምርት ሊያሟላቸው የሚገቡ መስፈርቶች ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር) የምትጠቀሙ ይቺን ያዙልኝ። ኮንፊገሬሽን ማኔጅመንት (የሥራውን የተለያዩ ቨርዥኖች ለይቶ የሚይዘው) ከበራ በኋላ ሪኳየርመንቶችን ከፕሮጀክት ፕሮጀክት ማገናኘት አልሆን ካላችሁ፣ ወይም ትናንት የሠራችሁት ሊንክ ዛሬ ከጠፋ፣ መጀመሪያ ከገጹ አናት ላይ ያለውን የኮንፊገሬሽን ስም እዩ። እኔ ግማሽ ቀን ሙሉ "ፈቃድ አልሰጣችሁኝም" እያልኩ አድሚኑን ስነዘንዝ ነበር። ጥፋቱ የኔው ነበር።

እዚያ ላይ ያለው የአንድ ኮምፖነንት (የፕሮጀክት ክፍል) ስትሪም፣ ማለትም እየተሠራበት ያለ የሚለወጥ ቅጂ፣ ብቻ ከሆነ፣ ሲስተሙ ከአጥሩ ውጭ ያለውን አያይም። ሊንኩ የሚያውቀው "ይህ ሪኳየርመንት" የሚለውን ነው እንጂ የትኛው ቨርዥን እንደሆነ አይደለም። ቨርዥኑን የሚወስነው ግሎባል ኮንፊገሬሽን (የተለያዩ ስትሪሞችን በአንድ የሚሰበስበው) ነው። ስለዚህ ለምሳሌ "መኪና" እና "ፍሬን" የሚባሉ ሁለት ፕሮጀክቶች ካሏችሁ፣ የሁለቱንም ስትሪም በአንድ ግሎባል ኮንፊገሬሽን ውስጥ አስገቡ። ከዚያ ወደ ዶርስ ኔክስት ተመልሳችሁ እሱኑ ምረጡ። ማስገባት ብቻ አይበቃም፤ ብዙ ሰው የሚረሳው መምረጡን ነው።

አሁንም እምቢ ካለ፣ በሁለቱ ፕሮጀክቶች መካከል አሶሴሽን (ፕሮጀክቶቹ እንዲገናኙ የሚያስችል ትስስር) መኖሩን አድሚኑን ጠይቁ። (አሁን መነዝነዝ ይፈቀዳል።)

ቤዝላይን (የተቆለፈ ቅጂ) አይነካም፣ ስለዚህ ሊንኩ የሚነሳበት ወገን ስትሪም መሆን አለበት። ስትሪሙ ቼንጅ ሴት (ለብቻ የተያዘ የለውጥ ጥቅል) ግድ የሚል ከሆነ ደግሞ ዴሊቨር ማድረጋችሁን (ወደ ስትሪሙ ማስገባታችሁን) አትርሱ፤ ያለዚያ ስትሪሙን የከፈቱ ሌሎች ሰዎች ሊንኩን አያዩትም።