የክልላችሁን የጤና ሽፋን ለውጥ እንዴት መከታተል ይቻላል?

«የክልሉ ሽፋን 90 በመቶ ደረሰ» የሚል ሪፖርት ስትሰሙ የመጀመሪያው ጥያቄ «ከስንቱ?» ይሁን። ለጋዜጠኛም፣ ለምክር ቤት አባልም፣ ለማንኛውም ነዋሪ የሚሆን የክትትል መንገድ እነሆ።

1. ጥቂት አገልግሎቶችን ምረጡ። በጤና ተቋም መውለድ፣ የሕፃናት ክትባት፣ የደም ግፊት ሕክምና ለጅምር ይበቃሉ።

2. አካፋዩን መርምሩ። ሽፋን ማለት አገልግሎቱን ያገኙት ለሚያስፈልጋቸው ሰዎች ቁጥር ሲካፈሉ ነው። ኢትዮጵያ የመጨረሻውን የሕዝብና ቤት ቆጠራ ያካሄደችው በ1999 ዓ.ም. ስለሆነ፣ በአንድ ወረዳ አሉ የሚባሉት ሕፃናት ቁጥር ግምት ነው። ከ100 በመቶ ያለፈ የክትባት ሽፋን ካያችሁ በመጀመሪያ ይህን ግምት ጠርጥሩ። መፍትሔ አለው፦ ፔንታ 1 እና ፔንታ 3ን (አምስት በሽታዎችን የሚከላከለውን የሕፃናት ክትባት የመጀመሪያና ሦስተኛ ዙር) አነጻጽሩ። 1,000 ሕፃናት ፔንታ 1 ወስደው ፔንታ 3 የወሰዱት 700 ብቻ ከሆኑ፣ 30 በመቶው አቋርጠዋል። ይህን ለማወቅ ቆጠራ አያስፈልግም፤ የጤና ኬላው መዝገብ ይበቃል።

3. አማካዩን በትኑት። ፍትሐዊነት የሚታየው እዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የወለዱት በአገር ደረጃ 26 በመቶ ነበሩ፤ አዲስ አበባ ላይ ግን 97፣ አፋር ላይ 15 በመቶ ገደማ። እ.ኤ.አ. በ2019 አገራዊው አኃዝ ወደ 48 በመቶ ከፍ ብሏል። ደስ የሚል ለውጥ ነው፤ ግን ከፍ ያለው ለማን ነው? በክልላችሁ ውስጥም ገጠሩን ከከተማው፣ ድሃውን ከባለ ሀብቱ ለይታችሁ እዩ። ለዚህ የቤት ለቤት ጥናት ይሻላል። ቤቷ የወለደች እናት ጤና ጣቢያው መዝገብ ላይ የለችምና።

4. የገንዘቡን ጫና አትዝለሉ። ለመታከም በሬውን የሸጠ ቤተሰብ «ተሸፍኗል» ሊባል አይገባም። ለረጅም ጊዜ የተሠራበት መለኪያ ከቤተሰቡ ጠቅላላ ወጪ ከ10 በመቶ በላይ ለሕክምና መዋሉን ያያል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላትን ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ ደብተር ይዘው ሄደው «መድኃኒቱ አልቋል፣ ከውጭ ግዙ» የተባሉትንም ጠይቁ።

5. በየስድስት ወሩ ያንኑ መለኪያ በዚያው ስሌት መዝግቡ። የጥናት ውጤትን ከተቋም ሪፖርት ጋር አትቀላቅሉ። በሚቀጥለው የጤና ጽሕፈት ቤት መድረክ ላይ ዝቅተኛውን ቀበሌ ከነቁጥሩ አንስታችሁ፣ ለዚያ ቀበሌ ምን እንደታቀደ ጠይቁ።