ሬጅስትራር ቢሮ ለመሥራት ምን መማር ይሻላል?

«የተማሪ ቅበላ» በሚባል ትምህርት የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ የመጣ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ተማሪ ተቀብሎ በሚመዘግበውና መዝገቡን በሚጠብቀው፣ እኔም በሠራሁበት የሬጅስትራር ቢሮ አንድ ክፍል የተጋራነው አራት ነበርን፤ አንዱ ታሪክ፣ አንዷ ሥራ አመራር፣ ሌላው ስታቲስቲክስ፣ እኔ ደግሞ አካውንቲንግ የተማርን። ስለዚህ ይህን ሥራ የሚያስብ ተማሪ የትምህርት ክፍሎችን ስም ዘርዝሮ ቢጨነቅ ትርፉ ድካም ነው። ከሥራው ተነስቶ ወደ ትምህርቱ ቢመጣ ይቀለዋል።

1. መስኮቱን አይታችሁ ኑ

ምዝገባ በሚደራበት ሰሞን ሜክሲኮ ወይም ልደታ አካባቢ ካሉት ኮሌጆች ወደ አንዱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሂዱና ከሬጅስትራሩ መስኮት ራቅ ብላችሁ ግማሽ ሰዓት ቁሙ። (በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በር ላይ መታወቂያና ጉዳይ ስለምትጠየቁ የግሉ ይቀላል።) አንዱ የአያቱ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል በሁለት መንገድ የተጻፈበትን ማስረጃ ይዞ ይከራከራል። ሌላዋ ትምህርቷን ካቋረጠች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ ልመለስ ትላለች። ከክፍለ ሀገር የመጡ አባት የልጃቸውን ወረቀት በፌስታል ጠቅልለው ተራ ይጠብቃሉ። ከመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠው ሠራተኛ ለሦስቱም ደንቡን ይነግራል፤ ቢያንስ ለአንዳቸው የሚነግረው «አይሆንም» የሚለውን ነው። ይህን ቃል ሰው ሳያዋርድ መናገር የሚከብደው፣ ዲግሪው ምንም ይሁን ምን፣ ሌላ ሥራ ቢፈልግ ለእርሱም ለባለጉዳዩም ይበጃል።

2. የትኛውን ቅበላ ነው የምትፈልጉት?

ሥራው በየቦታው ይለያያል። በአብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪን የሚመድበው ትምህርት ሚኒስቴር ነው፤ ቢሮው የተመደቡትን ተቀብሎ ያጣራል፣ ይመዘግባል፣ መዝገቡን ይጠብቃል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግን ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል፤ እንዲህ ባለ ቦታ ፈተናና ውጤት መተንተን የሚችል ሰው ይፈለጋል። የግል ኮሌጆች ደግሞ ተማሪውን ራሳቸው ፈልገው ማምጣት አለባቸው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሰልፉ እንዲህ ሲሳሳ የግል ኮሌጅ ቅበላ ሠራተኛ ስልክ ደዋይም፣ ወላጅ አሳማኝም ሆኖ ቁጭ ይላል። ማርኬቲንግ የተማረ ሰው በዚህ ይደሰት ይሆናል፤ እኔ አልቻልኩበትም።

3. ወረቀቱን የሚያስነብብ ትምህርት ምረጡ

እዚህ ላይ ጥፋቴን ልናገር። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ዓመት፣ በ1996 ዓ.ም. የተወለደች ተማሪ ስመዘግብ ዓመቱን እንዳለ በፈረንጅ አቆጣጠር በተዘጋጀው ሳጥን ውስጥ ጻፍኩት። ልጅቷ በአንድ ጠዋት ወደ ስምንት ዓመት ገደማ አረጀች። ማንም ልብ ሳይለው ቆይቶ፣ ተመርቃ ለውጭ አገር የትምህርት ዕድል ስታመለክት ማስረጃዋና ፓስፖርቷ ሳይገናኙ ቀሩ። የማስተካከያ ደብዳቤው እስኪወጣ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰች አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ ጳጉሜን የተወለደ ተማሪ በመጣ ቁጥር እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ሁለት ጊዜ አሰላለሁ።

አካውንቲንግ ቁጥር እንዳምን አስተምሮኛል፤ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ መጠየቅን ግን አላስተማረኝም። ያንን የሚያስተምሩት ስታቲስቲክስና ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ ናቸው። መረጃ እንዴት እንደሚሰበሰብ፣ ሲገባ እንዴት እንደሚበላሽ፣ ስህተቱ በምን እንደሚያዝ የሚያውቅ ሰው በዚህ ቢሮ ወርቅ ነው። ሒሳብ የማያስፈራችሁ ከሆነ ምክሬ ከሁለቱ አንዱን ነው።

ሳይኮሎጂ ሁለተኛው ምርጫዬ ነው። ሰዎች ለማማከር ብቻ የሚጠቅም ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን ፈተና ምን እንደሚለካ የሚጠይቅ ትምህርት በውስጡ አለ፤ የራሳቸውን መግቢያ ፈተና ለሚያዘጋጁ ተቋማት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የትምህርት ዕቅድና ሥራ አመራር በስሙ ለሥራው ከሁሉም የቀረበ ነው፤ እኔ ግን ቢሮውን ካወቃችሁ በኋላ በሁለተኛ ዲግሪ ብትማሩት የበለጠ ይገባችኋል ባይ ነኝ። ሥራ አመራር በብዙ ማስታወቂያ ላይ ይጠቀሳል፤ ለዚያው ተፎካካሪውም ብዙ ነው።

4. አሥር ማስታወቂያ ሰብስቡ

4 ኪሎ ላይ ጋዜጣ በኪራይ እየተነበበ ሥራ ይፈለግ በነበረበት ዘመን ይህ ግማሽ ቀን ይፈጅ ነበር፤ ዛሬ በስልክ ያልቃል። የሬጅስትራር ሠራተኛ፣ የሪከርድ ባለሙያ፣ የተማሪዎች አገልግሎት የሚሉ ክፍት የሥራ ቦታዎችን አውጡና «ተፈላጊ የትምህርት ዝግጅት» የሚለውን መስመር ብቻ ጻፉ። «ወይም ተዛማጅ የትምህርት መስክ» የምትለዋን ሐረግ አትመኗት። የእናንተ መስክ ተዛማጅ መሆኑን የሚወስነው የሰው ኃይል ክፍሉ ነው፤ ስሙ በግልጽ የተጻፈለት አመልካች ሳይከራከር ያልፋል።

5. ምደባውን አትርሱ

መምረጥና ማግኘት ይለያያሉ። ምርጫው የሚጠበው ገና 11ኛ ክፍል ላይ፣ ተፈጥሮ ሳይንስ ወይስ ማኅበራዊ ሳይንስ በሚባልበት ጊዜ ነው። ስታቲስቲክስን የሚፈልግ ተፈጥሮ ሳይንስን ይያዝ። ዩኒቨርሲቲ ከገባችሁ በኋላም የትምህርት ክፍል የሚደርሳችሁ በውጤትና በቦታ ብዛት ስለሆነ ቅጹን ስትሞሉ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ምርጫ በቀልድ አትሙሉ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተናውን በ50 በመቶ ያላለፈ ዲግሪ አያገኝም። ለዚህ ነው ለቢሮው ይመቻል ብሎ የማይወዱትን ትምህርት መምረጥ የማያዋጣው።

6. ተማሪ ሳላችሁ ጀምሩት

አዲስ ተማሪዎች ከየክልሉ ሲመጡ በየመናኸሪያው ቆመው የሚቀበሉ በጎ ፈቃደኞች አሉ። ተመዝገቡ። ሻንጣ ተሸክማችሁ፣ የጠፋበትን መርታችሁ፣ ቅጽ አስሞልታችሁ ሁለት ዓመት ከሠራችሁ በቃለ መጠይቅ ላይ የምትናገሩት ነገር ይኖራችኋል። ስትጨርሱ ታዲያ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለው ብቻ እንዳያሰናብቷችሁ፤ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ጠይቁ። ነገ የምታመለክቱበት ቢሮ ማኅተም የሌለውን ወረቀት አያምንም።