ወቅቱን አውቆ መሸመት፦ ለእሁድ ገበያ ደንበኞች

በአዲስ አበባ በየሳምንቱ የሚቆሙት የእሁድ ገበያዎች የተከፈቱት አምራቹና ሸማቹ ደላላ ሳይገባባቸው እንዲገናኙ ታስቦ ነው። ይሁን እንጂ በየድንኳኑ የተደረደረው ሁሉ ከማሳ በቀጥታ የመጣ አይደለም፤ ምርታቸውን ይዘው ከሚመጡት ገበሬዎችና ከኅብረት ሥራ ዩኒየኖች ጎን፣ ከሃይሌ ጋርመንቱ አትክልት ተራ በጅምላ አንሥተው የሚቸረችሩ ነጋዴዎችም ይቆማሉ። ነጋዴ መሆን ነውር የለውም፤ ዳሩ ግን ዕቃው በመኪናና በመጋዘን ያሳለፈው ቀን በበዛ ቁጥር በሸማቹ ቤት የሚቆይበት ቀን ያጥራል። ስለዚህ ከዋጋው አስቀድሞ ዕቃው ከየት እንደመጣና መቼ እንደተነቀለ መጠየቅ ይገባል። «አባባ፣ ሽንኩርቱ ከየት ነው?» ሲባሉ «ከመቂ ነው ልጄ፤ ሐሙስ ነው የነቀልነው፣ ገና አልደረቀምና ቶሎ ተጠቀሚበት» ብለው የሚመልሱ አባት አምራች ወይም ለአምራች የቀረቡ ናቸው። «የትም ይሁን፣ ጥሩ ነው ውሰጂው» የሚል ሻጭ ግን ዕቃውን ከሌላ እጅ ሳይረከብ አልቀረም።

ሽንኩርትና ቲማቲም በብዛት የሚመጡት በስምጥ ሸለቆ ካሉት የመስኖ ማሳዎች፣ ማለትም ከመቂ፣ ከባቱና ከቆቃ አካባቢ ነው። መስኖ አለ ማለት ግን ምርቱ ዓመቱን ሙሉ እኩል ይገኛል ማለት አይደለም። ክረምቱ እንደወጣ የተተከለ ሽንኩርት ከ3 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ ስለሚደርስ፣ ከጥር እስከ ሚያዝያ ድረስ በፀሐይ በደንብ የደረቀ ሽንኩርት በተሻለ ዋጋ ይገኛል። በክረምት ደግሞ እርጥበቱ የቅጠል በሽታ ያስፋፋል፣ የተነቀለውንም ለማድረቅ ፀሐይ ይጠፋል፣ ጭቃው መኪና ወደ ማሳው አያስገባም፤ በዚህ ላይ የእንቁጣጣሽ ዶሮ ወጥ ሲጨመርበት የነሐሴና የመስከረም ዋጋ ለምን እንደሚሰቀል ግልጽ ይሆናል። በእነዚህ ወራት ከአንድ ሳምንት ፍጆታ በላይ ሽንኩርት መግዛት ገንዘብን ለብስባሽ መክፈል ነው፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ግን ማስቀመጫ ቦታ ያለው ሰው የወር ከዚያም በላይ ቢሸምት ያዋጣዋል።

ሽንኩርት ሲመረጥ በቅድሚያ የሚታየው አንገቱ ነው። ቅጠሉ የተቆረጠበት ቦታ ደርቆ ከተጣበቀ ሽንኩርቱ ይቆያል፤ አንገቱ ወፍራም ከሆነ ወይም በአውራ ጣት ሲጫኑት ከለሰለሰ፣ ውስጡ መበስበስ ጀምሯል ወይም በቅርቡ ይጀምራል። የላይኛው ልጣጭ ሲነካ የሚንኮሻኮሽ መሆን አለበት። ልጣጩን ትንሽ ገለጥ አድርጎ ከሥሩ ጥቁር ዱቄት የመሰለ ነገር መኖር አለመኖሩን ማየትም ይበጃል፤ ይህ ሻጋታ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዛመታል። በጣም ትልልቁን መምረጥ የተለመደ ቢሆንም፣ ለማስቀመጥ የሚሻለው መካከለኛው ነው።

ቲማቲም የሚመጣው በእንጨት ሣጥን ተደራርቦ ስለሆነ ከታች ያለው ብዙ ጊዜ የተጨፈለቀ ነው፤ ሻጩ ከላይ ያለውን እያሳየ ከታች እንዳይቀዳ ዓይንን ከሚዛኑ አለማንሣት ያስፈልጋል። ሁሉንም አንድ ዓይነት ብስል መግዛትም አያዋጣም፤ ለዕለቱ የቀላውን፣ ለሳምንቱ አጋማሽ ግማሽ የቀላውን፣ ለአርብና ለቅዳሜ ደግሞ ገና መቅላት የጀመረውን አሰባጥሮ መያዝ ይሻላል።

ድንች የደጋ ነው። ከሆለታ ምርምር ማዕከል የወጡት ጃለኔ፣ ጉደኔና በለጠ የተባሉት ዝርያዎች በገበሬው ዘንድ የታወቁ ስለሆኑ፣ ሻጩ የዝርያውን ስም ከነገረን ምርቱን ያውቀዋል ማለት ነው። በጥፍር ሲነካ ልጣጩ በቀላሉ የሚላጥ ድንች ለጋ ነው፤ ለዕለቱ አልጫ ይሆናል፣ ለማስቀመጥ ግን አይሆንም። ፀሐይ መትቶት አረንጓዴ የሆነው ምንም ቢረክስ መተው አለበት፤ አረንጓዴው ሶላኒን የተባለው መርዛማ ነገር መከማቸቱን ስለሚያመለክት ነው።

እሸት ጊዜ አይሰጥም። የበቆሎ እሸት በነሐሴና በመስከረም፣ የባቄላ እሸት ከመስከረም ጀምሮ፣ የሽምብራ እሸት ደግሞ በታኅሣሥ ገደማ ይመጣል። የበቆሎው ጣፋጭነት ከአገዳው ከተቆረጠበት ሰዓት ጀምሮ እየቀነሰ ስለሚሄድ በማለዳ ገዝቶ በዚያው ቀን መጥበስ እንጂ ለማክሰኞ ማስቀመጥ ዋጋ የለውም። ከፍራፍሬው የአሶሳ ማንጎ የሚጠበቀው በግንቦትና በሰኔ ነው።

ለዓመት የሚሸመቱት በርበሬ፣ ጤፍና ማር የበለጠ ጥንቃቄ ይሻሉ። የማረቆና የአላባ በርበሬ በመኸር ተለቅሞ ስለሚደርቅ ከኅዳር እስከ ጥር መግዛት ይመረጣል። ዛላው ሲነቀነቅ ፍሬው ውስጡ መንኳኳት፣ ሲታጠፍም መሰበር አለበት፤ የሚታጠፍ እንጂ የማይሰበር ከሆነ በደንብ አልደረቀም፣ ወይም ክብደት እንዲጨምር ውኃ ተረጭቶበታል። እንዲህ ያለው በርበሬ ይሻግታል፣ ሻጋታውም አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ ሊያስከትል ይችላል። ጤፍ በአውድማ ላይ ስለሚወቃ አፈርና አሸዋ አያጣውም፤ ከጆንያው አፍ ብቻ ሳይሆን ከመሐሉም እፍኝ አውጥቶ በመዳፍ ላይ እፍ ማለት፣ ጥቂቱንም አኝኮ አሸዋ እንዳለው መፈተሽ ተገቢ ነው።

ማር ዋናው ወቅቱ አደይ አበባ ካበበ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር ነው። የረጋ ማር ሁሉ ስኳር የተጨመረበት ነው የሚለው አባባል በብዙ ሸማች ዘንድ ቢታመንም ትክክል አይደለም፤ ንጹሕ ማርም በተፈጥሮው ይረጋል። ስለዚህ ከመርጋቱ ይልቅ ሻጩ ማሩ የየት አካባቢና የየትኛው ወቅት እንደሆነ መናገር መቻሉን መመዘን ይሻላል። ቅቤ ደግሞ ሣር በሚበዛበት በመስከረምና በጥቅምት ይረክሳል፤ የፋሲካን ቅቤ በሁዳዴ መጨረሻ ለመግዛት የሚጠብቅ ሰው በውድ ዋጋ እንደሚገዛ አውቆ ይጠብቅ።

ሰዓትም ዋጋ አለው። ጎመን፣ ሰላጣና እሸት የሚፈልግ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ቢደርስ ጤዛው ያልለቀቀውን ያገኛል፤ ለሥልስ ቲማቲም ወይም ለድልህ ቃሪያ በብዛት የሚፈልግ ግን ወደ 9 ሰዓት ቢሄድ፣ ዕቃውን መልሶ መጫን የማይፈልገው ገበሬ ዋጋ ይቀንስለታል። የዕለቱ የዋጋ ተመን በሰሌዳ በሚለጠፍበት ገበያ አስቀድሞ እርሱን ማንበብ፣ ዘርዘር ያለ ብር መያዝ፣ ከመመዘኑ በፊትም ሚዛኑ ባዶውን ዜሮ ላይ መቆሙን ማየት ያስፈልጋል። በመደብ የሚሸጠውን በኪሎ ከሚሸጠው ጋር ለማወዳደር አንዱን መደብ ማስመዘን ነውር የለውም። ምርቃት መጠየቅ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ከደከሙ እናት ላይ ዋጋ አስቀንሶ፣ መርጦ፣ በላዩም ምርቃት ጨምሩ ማለት ከልክ ያልፋል።

ዘንቢል ሲሞላ ድንችና ሽንኩርት ከታች፣ ቲማቲምና ጎመን ከላይ ይሁኑ። ቤት ሲደረስ ሁሉም ወዲያው ከፌስታል መውጣት አለባቸው፤ ሽንኩርቱ አየር በሚገባበት ደረቅ ቦታ ተበትኖ፣ ድንቹ ከእርሱ ተለይቶ በጨለማ፣ ያልበሰለው ቲማቲም ከማቀዝቀዣ ውጭ ይቀመጥ። ጎመኑ የሚታጠበው ሊቀቀል ሲል ነው፤ እስከዚያው ሳይታጠብ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቆይ።