የዘይት ግፊት ጌጁ ሲዋሽ፦ የናፍታ ሞተርሆም ላይ ጥፋቱን መለየት

የሞተርሆም (ውስጡ መኝታ ያለው የጉዞ መኪና) የዘይት ግፊት ጌጁ ወደ ዜሮ ሲወርድ የማይደነግጥ ሾፌር የለም። መደንገጡም ልክ ነው። ዳር ያዙና ሞተሩን አጥፉ። «ጌጁ ነው ወይስ ሞተሩ?» የሚለው ጥያቄ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ግፊት ያጣ ናፍታ ሞተር ብሮንዚን (የሞተሩ ዋና ዘንግ የሚሽከረከርበትን መቀመጫ) ለመብላት ጊዜ አይፈጅበትም።

መኪናው ደልዳላ ቦታ ይቁም። ዘይቱ ወደ ታች እስኪወርድ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁና በዘይት መለኪያው ዘንግ ለኩት። ጎድሎ ከሆነ መልሱን አገኛችሁ። ከበፊቱ ከፍ ብሎ ናፍታ ናፍታ ከሸተተ ደግሞ ነዳጅ ገብቶበት ቀጥኗል፤ ጌጁ እውነቱን ነው የነገራችሁ ማለት ነው። መካኒክ ጥሩ፣ ሞተሩንም አታስነሱ። ዘይቱ ልኩ ላይ ከሆነና ሞተሩም እንግዳ ድምፅ ካላሰማ እንቀጥል።

እኔ ሥራዬ የመኪና ኤሌክትሪክ ነው። በጣም የሚያናድደኝ ነገር ቢኖር «ሴንሰሩን ቀየርኩት፣ አሁንም ያው ነው» የሚለው አባባል ነው። ሴንሰሩ ሞተሩ ላይ ታስሮ ግፊቱን ለጌጁ የሚናገረው ዕቃ ነው። ሳይለኩ መቀየር ገንዘብ ከመጨረሱም በላይ ምልክቱን ያደበላልቃል። አንድ ጥፋት የነበረው መኪና፣ ባልሆነ ሴንሰር ምክንያት ሁለት ጥፋት ይዞ ይመጣል።

ስለዚህ መጀመሪያ እውነተኛውን ግፊት እወቁ። ለዚህ በዘይቱ በራሱ የሚሠራ ሜካኒካል ጌጅ ያስፈልጋል፤ ሽቦም ባትሪም አይፈልግም። ሞተሩ ቀዝቀዝ ሲል ሴንሰሩን ፍቱና በቦታው ይህን ጌጅ እሰሩ። ጥርሱን በደንብ እዩ። ብዙ ጊዜ 1/8 ኢንች ሾጣጣ የቧንቧ ጥርስ ወይም ባለ 10 ሚሊሜትር ነው። ሁለቱ ስለሚቀራረቡ መጀመሪያ የሚገባ ይመስላል፣ ከዚያ ይይዛል። በግድ ከገፋችሁት የሞተሩን ጥርስ ታበላሻላችሁ። የጌጁ ቱቦ ከጭስ ማውጫውና ከቺንጌያው ይራቅ፤ ቢፈነዳ የሚረጨው የጋለ ዘይት ነው።

ሞተሩን አስነሱና ሁለቱንም ጊዜ መዝግቡ፦ በቀዝቃዛው፣ ከዚያ በደንብ ሲሞቅ። በቀዝቃዛው ዘይቱ ወፍራም ስለሆነ ግፊቱ ከፍ ይላል፣ ሲሞቅ ይወርዳል። ይህ ጤናማ ነው። ለምሳሌ በከሚንስ ባለ 5.9 ሊትር ቢ ሞተር፣ ሲሞቅ የሚፈቀደው ዝቅተኛ ግፊት በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) 10 ፒኤስአይ (0.7 ባር)፣ በ2500 ዙር 30 ፒኤስአይ (2 ባር አካባቢ) ነው። በሚኒሞ 10 ትንሽ ይመስላል፣ ብዙ ሰውም በዚህ ይጨነቃል። ለማንኛውም የራሳችሁን ሞተር ቁጥር ከመመሪያው እዩ።

ሜካኒካሉም ዝቅ ብሎ ካሳየ ይህን ጽሑፍ እዚህ ተዉት። ፊልትሮው፣ ፖምፓው፣ የግፊት መቀነሻው ቫልቭ ወይም ብሮንዚኑ ነው፤ ኤሌክትሪክ አያድነውም። ሜካኒካሉ ጥሩ አሳይቶ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ከዋሸ ግን ነገሩ የኔ መስክ ገባ።

አሁን ምን ዓይነት ሴንሰር እንዳላችሁ ለዩ። አንድ ሽቦ ብቻ ያለው የድሮው ዓይነት በኦም የሚለካውን የኤሌክትሪክ ተቃውሞውን በመለወጥ ይሠራል፤ ማሳውን (ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመልሰውን መስመር) የሚያገኘው በገዛ አካሉ፣ በጥርሱ በኩል ነው። ሦስት ሽቦ ካለው 5 ቮልት እየተሰጠው ምልክቱን በቮልት የሚመልስ ነው፤ ግፊት ሳይኖር አብዛኛውን ጊዜ 0.5 ቮልት አካባቢ ይመልሳል። ባለ ሦስት ሽቦውን ከማሳ ጋር እያገናኛችሁ አትሞክሩት፤ የሞተሩን ኮምፒውተር ልታበላሹ ትችላላችሁ። በቴስተር ብቻ ለኩ።

ለባለ አንድ ሽቦው ፈተናው ቀላል ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ይከፈት። ሽቦውን ከሴንሰሩ ንቀሉና ጌጁን እዩ፤ ከዚያ የሽቦውን ጫፍ ሞተሩ ላይ ንጹሕ ብረት አስነኩ። መርፌው ከጫፍ እስከ ጫፍ ከሄደ ጌጁም መስመሩም ሕይወት አላቸው። ወዴት እንደሚሄድ ግን እንደ ዓይነቱ ይለያያል። ከ10 እስከ 180 ኦም የሚሠራው ሲነቀል ወደ ላይ ይወጣል፣ ማሳ ሲነካ ዜሮ ይገባል። ከ240 እስከ 33 ኦም የሚሠራው የዚህ ግልባጭ ነው።

ይህ ልዩነት ተራ ነገር አይደለም። ሽቦው ዝጎ ወይም የሴንሰሩ ጥርስ በቴፍሎን (የቧንቧ ማሸጊያ ጥብጣብ) ተጠቅልሎ ማሳው ሲደክም፣ መስመሩ ላይ ተጨማሪ ኦም ይፈጠራል። በ240–33 ዓይነት ጌጁ ዝቅ ብሎ ያሳያል፤ በከንቱ ያስደነግጣችኋል። በ10–180 ዓይነት ግን ከፍ ብሎ ያሳያል። ሞተሩ እየሞተ ጌጁ «ሰላም ነው» ሊላችሁ ይችላል። እኔ የምፈራው ይሄኛውን ነው። የሁለቱን ዓይነት ሴንሰርና ጌጅ ማደባለቅም አይቻልም፤ ጥርሱ ስለገባ ብቻ ይሠራል ማለት አይደለም።

ሞተርሆም ላይ ዋናው ጉድ ያለው ርቀቱ ላይ ነው። ሞተሩ ኋላ ከሆነ ሽቦው ከመኝታው ሥር ተነስቶ በሻንሲው ሆድ እስከ ዳሽቦርድ ድረስ ይጓዛል። በመንገዱ ላይ ውሃ፣ ጭቃ፣ ንዝረትና የጭስ ማውጫ ሙቀት አለ። እኔ የማደርገው ይህን ነው፦ አዲስ ሽቦ ከሴንሰሩ አስነስቼ በመስኮት አሳልፌ ጌጁ ጀርባ ላይ አስራለሁ፤ የድሮውን ከሁለቱም ጫፍ ነቅዬ። አያምርም። ንባቡ ከተስተካከለ ግን ጥፋቱ መስመሩ ላይ መሆኑ ያለ ክርክር ታወቀ።

ከዚያ የድሮውን መስመር በእጅ ተከተሉት። አንድ ሞተርሆም ላይ መርፌው ጉድጓድ በተገባ ቁጥር ይወድቅ ነበር። ከመኝታው ሥር ያለችውን ስፒና (የሽቦ ማገናኛ) ስከፍታት አንዷ እግር አረንጓዴ ዱቄት ለብሳለች። ሽቦዋን ሳብ ሳደርጋት ፕላስቲኩ ብቻ ይዞ የቀረ፣ ውስጡ ያለው መዳብ የተበላ ሽቦ እጄ ላይ ቀረ። ከውጭ ሲታይ ምንም አይልም ነበር።

ባውዛ ሲበራ ወይም ማሞቂያው ሲሠራ የሙቀቱም የነዳጁም መርፌ አብረው ከተንቀሳቀሱ ሴንሰሩን እርሱት። የዳሽቦርዱ ማሳ ነው። ሁሉንም አብርታችሁ ከጌጁ ማሳ እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ ያለውን ቮልት ለኩ። ከ0.2 ቮልት ካለፈ ማሰሪያውን ፈታችሁ እስኪያበራ ፈግፍጉት።

ሴንሰሩ ለንዝረት ተብሎ በጎማ ቱቦ ከሞተሩ ርቆ ከታሰረስ? ጎማ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ለብቻው የማሳ ሽቦ ያስፈልገዋል። ይህን ረስተው የሚገጥሙ ብዙ ናቸው።

አዳዲሶቹ ሞተሮች ላይ ጌጁ ቁጥሩን የሚያገኘው ከሞተሩ ኮምፒውተር በዳታ መስመር ነው። መመርመሪያ መሣሪያ ሰክታችሁ የኮምፒውተሩን ቁጥር ከሜካኒካሉ ጋር አስተያዩ። ኮምፒውተሩ ትክክል ከሆነ ጥፋቱ ዳሽቦርዱ ነው፤ እሱም ከተሳሳተ ወደ ሴንሰሩ ተመለሱ። አንዳንድ ሞተሮች ላይ ግን ያለው ግፊት አለ ወይም የለም የሚል ስዊች ብቻ ነው፤ መርፌው የሚያሳየው ኮምፒውተሩ የገመተውን ነው። ያ መርፌ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ቢቆም አትገረሙ፣ ብዙም አትመኑት።

በመጨረሻ ሴንሰር መቀየር ግድ ከሆነ የኦሙንና የግፊቱን ልክ አስተያይታችሁ ግዙ። ጥርሱ ላይ ቴፍሎን ከመጠቅለል ይልቅ ትንሽ ፈሳሽ ማሸጊያ ቀቡ፤ የመጀመሪያዎቹን ጥርሶች ተዉአቸው። ከሰውነቱ እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ ያለውን ኦም ለኩ፤ ወደ ዜሮ መጠጋት አለበት። ከዚያ ሞተሩን አስነሱና ዙሪያውን በነጭ ጨርቅ አብሱት። ጨርቁ ንጹሕ ከወጣ የመኝታውን ክዳን መልሱ።