ሦስተኛው ስትራይክ ሲያመልጥ “ሩጪ!” የምንለው መቼ ነው?

ልጄ በሶፍትቦል (የቤዝቦል ዘመድ የሆነ ጨዋታ) ቡድኗ ካቸር ናት፤ ከመቺዋ ጀርባ ሆና የተወረወረውን ኳስ ትይዛለች። እዚህ ቨርጂኒያ ሜዳ ዳር አብረውኝ የሚቀመጡ ሐበሻ ወላጆች ታዲያ መቺዋ ስትሮጥ ሲያዩ አንድ ጥያቄ አላቸው፦ “ሦስት ስትራይክ ሆነባት አይደል? ምን ያስሮጣታል?”

ሦስተኛው ስትራይክ (ሰንዝራ የሳተችው ወይም መምታት ሲገባት ያሳለፈችው ኳስ) ብቻውን አውት አያደርግም፣ ማለትም ከጨዋታ አያስወጣትም። ካቸሯ ኳሱን መሬት ሳይነካ መያዝ አለባት። ካመለጣት ወይም ኳሱ ነጥሮ ጓንቷ ውስጥ ከገባ፣ መቺዋ ወደ ፈርስት ቤዝ (የሯጮች የመጀመሪያ ማረፊያ) መሮጥ ትችላለች። ሰንዝራ ትሳተው፣ ቆማ ታሳልፈው፣ ለውጥ የለውም።

ግን ሁልጊዜ አይደለም። ፒቸሯ (ኳስ ወርዋሪዋ) ከመወርወሯ በፊት ፈርስት ቤዝን እዩ፣ አውቱንም ቁጠሩ። ፈርስት ባዶ ከሆነ ትሮጣለች። ሁለት አውት ካለ ደግሞ ፈርስት ላይ ሰው ቢኖርም ትሮጣለች። ፈርስት ላይ ሰው ኖሮ አውቱ ከሁለት ካነሰ ግን አለቀ፣ ኳሱ ቢወድቅም አውት ናት። የፈርስቷ ልጅ ኳሱ ሲወረወር ተነስታ ሴከንድ ብትሰርቅም (ኳሱ ሳይመታ ወደ ሁለተኛው ቤዝ ብትሮጥም) ያው ነው፤ ቤዙ እንደተያዘ ይቆጠራል።

ይህ ክልከላ ባይኖር ብልጥ ካቸር ሆን ብላ ኳሱን ትጥለው ነበር። መቺዋ ስትመጣ የፈርስቷ ልጅ የግድ ቦታ መልቀቅ አለባት። ካቸሯ ወደ ሴከንድ፣ ከዚያ ወደ ፈርስት አስወርውራ በአንድ ኳስ ሁለት አውት ታፍስ ነበር። ሁለት አውት ካለ ግን የቡድኑ ተራ በሦስት አውት ስለሚያልቅ አንድ ይበቃል፣ ተንኮሉ ትርጉም የለውም።

ካቸር ላላችሁ፦ መቺዋ አጠገቧ ካለች በኳሱ ትንካት፤ ከራቀች ወደ ፈርስት ትወርውር። ርቀቱ 60 ጫማ፣ 18 ሜትር ገደማ ስለሆነ ኳሱን ቆማ የምታይበት ጊዜ የላትም። ሦስቱም ቤዝ ተይዞ ሁለት አውት ካለማ የሦስተኛው ቤዝ ልጅ የግድ ወደ ሆም ስለምትሮጥ፣ ኳሱን ይዛ ሆም ቤዝን (መቺዋ የምትቆምበትን) መርገጥ ይበቃታል። ልጆቹ ይቺን ይረሷታል፤ ኳሱን በሯጯ ራስ ላይ አሻግረው ይልኩትና ጉድ ይፈላል።

አዋቂም ይደርስበታል። እ.ኤ.አ. በ1941 የቤዝቦል ዎርልድ ሲሪስ (የአሜሪካ የሻምፒዮና ፍጻሜ) አራተኛ ጨዋታ ብሩክሊን 4 ለ 3 እየመራ፣ በዘጠነኛውና በመጨረሻው ዙር ሁለት አውት ላይ ሦስተኛው ስትራይክ ካቸሩን ሚኪ ኦወንን አመለጠው። ተጋጣሚዎቹ ያንኪስ ከዚያ ተነስተው 7 ለ 4 አሸነፉ።

መቺ ላላችሁ፦ አንገት ደፍቶ ወደ ዳጋውት (የተጫዋቾች መቀመጫ) መሄድ ይቅር። መሮጥ የምትችል ከሆነ ትሩጥ፣ ማልቀሱ ይደርሳል። ትናንሾቹ የሚጫወቱባቸው አንዳንድ ሊጎች ግን ይህን ሕግ አይጠቀሙምና አሠልጣኙን ጠይቁ።

ኳሱ ሳይደርስባት መሬት ነጥሮ እንኳ ሰንዝራ ከሳተችው ሕጉ ይሠራል። ስትሰነዝር ኳሱ ሰውነቷን ከመታት ግን ጨዋታው ይቆማል። ሦስተኛ ስትራይክ ከነበረ አውት ናት፣ ሩጫ የለም።