ድሬ ላይ የመጀመሪያ ሲኤንሲ ልትገዛ ነው? መጀመሪያ ቆጣሪህን እይ

ሳቢያን ውስጥ ትንሽ የእንጨት ወርክሾፕ አለችኝ። ሲኤንሲ ራውተር፣ ማለትም በኮምፒውተር ትዕዛዝ እንጨት የሚቆርጥና የሚቀርጽ ማሽን፣ ሊገዛ ያሰበ ልጅ ሊያማክረኝ ሲመጣ ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው፤ «ስንት በስንቱን ልግዛ?» እኔ ደግሞ «ቆጣሪህ ስንት ፌዝ ነው?» እለዋለሁ። ይህን ሳልጠይቅ ገዝቼ የተጎዳሁ ሰው ነኝ። ማሽኔ ስሪ ፌዝ፣ 380 ቮልት ነበር። ወርክሾፔ የነበረው ግን ሲንግል ፌዝ 220 ብቻ ነው። ሻጩም አልጠየቀኝ፣ እኔም አልነገርኩት። መስመር እስኪገባልኝ ማሽኑ ላስቲኩ ሳይወልቅ ወራት ቆመ፤ ብድሩ ግን አልቆመም።

ሲንግል ፌዝ ካለህ 2.2 ኪሎዋት ስፒንድል፣ ማለትም መቁረጫውን (ቢቱን) የሚያዞረው ሞተር፣ ይበቃሃል። በኢንቨርተር (የሞተሩን ፍጥነት በሚቆጣጠረው የኤሌክትሪክ ሳጥን) ከ220 ቮልት ይነሳል፣ በደቂቃ እስከ 24,000 ጊዜ ይዞራል፣ ኤምዲኤፍም ዋንዛም በደንብ ይቆርጣል። ብቻውን ግን አይሠራም። የሰጋቱራ መሳቢያው አለ፣ ኮምፕሬሰሩ አለ፣ ወዲያ ጥግ ላይ የሚጮኸው መጋዝ አለ። አብረው የሚሠሩትን ዋታቸውን ደምረህ ለ220 አካፍለው፣ አምፔሩን በግርድፉ ታገኛለህ። ስፒንድሉ ለብቻው 10 ነው። ድምሩን ለኤሌክትሪሻን አሳየውና ገመዱ፣ ብሬከሩና ኤርዙ ይችሉ እንደሆነ ይይልህ። ኤርዝ የሌለው ኢንቨርተር ሰው ይነዝራል፣ መቆጣጠሪያውንም ያሳብደዋል።

አሁን ወደ መጠኑ። ደብተርህን አውጣና የመጨረሻዎቹን ሃያ ትዕዛዞች እይ። ኪችን ካቢኔትና ቁም ሳጥን ከበዛ ሙሉ ኤምዲኤፍ፣ ማለትም 122 በ244 ሴንቲ ሜትር፣ ሳትቆርጥ የምታስተኛበት ያስፈልግሃል፤ እሱ 1325 (130 በ250 ሴንቲ ሜትር) የሚባለው ነው፣ ዙሪያውን መዞሪያ ቦታም ይፈልጋል። የአልጋ ራስጌ ቅርጽ፣ የበር ፓኔልና የማስታወቂያ ፊደል ከሆነ ግን 6090 (60 በ90) ወይም 1212 (120 በ120) ይሻልሃል። በተመሳሳይ ብር ትልቅ ልፍስፍስ ማሽን ከምትገዛ ትንሽ ጠንካራ ግዛ። በዚህ ላይ ከማንም ጋር እከራከራለሁ።

ጥንካሬውን በፎቶ አታውቀውም። ክብደቱን በኪሎ ጠይቅ፤ ከሁለት እኩል መጠን ካላቸው ማሽኖች ከባዱ አብዛኛውን ጊዜ የተሻለው ነው። ተንሸራታቹ በአራት ማዕዘን ሬል ላይ ይሂድ፣ ጫፍና ጫፉ ብቻ በተያዘ ክብ ዘንግ ላይ ከሆነ ተወው። ትንሽ ማሽን ላይ በቀበቶ ከሚጎተት በቦል ስክሩ (ኳስ ባለው ብሎን መሰል ዘንግ) የሚነዳውን ምረጥ። ማሽኑን በአካል ካገኘኸው ሞተሮቹ በርተው ቆመው ሳለ፣ ስፒንድሉ ግን ጠፍቶ፣ ስፒንድሉን በእጅህ ይዘህ ወደ ጎን ግፋው። በዓይንህ የሚታይ ንቅናቄ ካለ፣ ጠንካራ እንጨት ስታስገባበት ቢቱ ይንቀጠቀጥና ጠርዙን አይጥ የበላው ያስመስለዋል፣ ከዚያ በማሽን ያተረፍከውን ሰዓት በብርጭቆ ወረቀት ትመልሰዋለህ።

የድሬን ሙቀት ደግሞ አስብ። በውሃ የሚቀዘቅዝ ስፒንድል ድምፁ ትንሽ ነው፣ ጎረቤት ላለው ሰው ትልቅ ነገር ነው። የቧንቧ ውሃ ግን እንዳትሞላበት አቦ! የኛ ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚተወውን ነጭ ቅርፊት ታውቀዋለህ፤ ያው ቅርፊት በስፒንድሉ ቀጭን መተላለፊያ ውስጥ ይጋገራል። ዲስቲልድ ውሃ ግዛ። አሲድ የተቀላቀለበትን የባትሪ ውሃ አይደለም፣ ንጹሑን። ጀሪካኑ ትልቅ ይሁን፣ ጥላ ውስጥ ይቀመጥ፣ ፓምፑ መዞሩን ሳታይ ስፒንድል አታስነሳ። ይህን ሁሉ መከታተል አልችልም ካልክ በአየር የሚቀዘቅዘውን ውሰድ፣ ጩኸቱን ግን ትችለዋለህ።

መብራት ሲሄድስ? ማሽኑን ወዲያ ወዲህ የሚያንቀሳቅሰው ስቴፐር ሞተር የነበረበትን ቦታ ይረሳል። ስለዚህ በሦስቱም አቅጣጫ የሆሚንግ ስዊች ያለውን ምረጥ፣ መብራት ሲመጣ መነሻውን ራሱ ይፈልጋል። መቆጣጠሪያው ከፍላሽ የሚያነብ፣ በእጅ የሚያዝ ዲኤስፒ ቢሆን ደስ ይለኛል። ኮምፒውተር ሰጋቱራ መሃል አይቀመጥም፣ ብዙዎቹ ዲኤስፒዎችም ሥራውን ከተቋረጠበት መቀጠል ይችላሉ።

ሜካኒካል ነገር ቢሰበር ድሬ የባቡር ከተማ ናት፣ ቶርኖ የሚያውቅ ሰው አታጣም። የሚያስቸግርህ ኤሌክትሮኒክሱ ነው። አንድ ትርፍ የስቴፐር ድራይቨር (ሞተሩን የሚነዳውን ኤሌክትሮኒክስ) ከማሽኑ ጋር አብረህ እዘዝ። ኮሌቱ፣ ማለትም ቢቱን ጨብጦ የሚይዘው፣ ኢአር20 የሚባለው ይሁን፣ እስከ 13 ሚሊ ሜትር ቢት ይይዛል። ለቢት፣ ለሰጋቱራ መሳቢያና ለጥሩ ማስክ የሚሆን ብርም ከመጀመሪያው ለይተህ አስቀምጥ፤ የኤምዲኤፍ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ይገባል፣ ልጆች አጠገቡ አይዋሉ።

ማሽኑ እስኪመጣ ሶፍትዌር ተለማመድ። ቪካርቭ የሚባለው የሲኤንሲ ንድፍ ሶፍትዌር ነጻ የሙከራ ቅጂ አለው፣ ለሁለት ሳምንት ማታ ማታ ተቀመጥበት።

ሲመጣ ደግሞ የመጨረሻውን ክፍያ ሳትሰጥ ሁለት ነገር ቁረጥ። አንዱ 300 በ400 ሚሊ ሜትር አራት ማዕዘን ነው፤ ከማዕዘን ማዕዘን ሁለቱም ሰያፎች 500 መምጣት አለባቸው። ከተለያዩ ጋንትሪው (ስፒንድሉን የተሸከመው ድልድይ) ተጣሟል ማለት ነው። ሁለተኛው 100 ሚሊ ሜትር ክብ ነው፤ በካሊፐር በአራት አቅጣጫ ለካው፣ እንቁላል ከሆነ ስክሩ ወይም ማያያዣው ላልቷል። ሻጩ እዚያው ቆሞ ያስተካክለው፣ አንተም ድጋሚ ለካ።